ለእጅግ ሞቃትና ለእጅግ ቀዝቃዛ መስመር የቫልቭ ዘንግ ማሸጊያ እንዴት ይነደፋል?

«እስከ 650 ዲግሪ ይችላል የተባለው ፓኪንግ በ500 ዲግሪ የእንፋሎት መስመር ላይ በሦስተኛው ሳምንት ለምን አፈሰሰ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። በቀዝቃዛው ወገን የሚሠሩ ባለሙያዎች ደግሞ «በወርክሾፕ ሲፈተሽ አንዲት አረፋ ያልወጣችው ቫልቭ ፈሳሽ ናይትሮጂን ሲገባባት ለምን ታፈሳለች?» ብለው ይጠይቁኛል። የሁለቱም መልስ አንድ ነው። ማሸጊያ (ፓኪንግ) ብዙውን ጊዜ የሚያፈሰው ተቃጥሎ ወይም ተሰንጥቆ አይደለም፤ ሙቀቱ ሲለዋወጥ የክፍሎቹ ልክ ስለሚለዋወጥና ማሸጊያውን ጨምቆ የያዘው ጫና ስለሚጠፋ ነው። ስለዚህ ማቴሪያል መምረጥ የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም።

ይህ መመሪያ የሚያተኩረው ዘንጋቸው በሚወጣና በሚወርድ የጌትና የግሎብ ቫልቮች የዘንግ ማሸጊያ ላይ ነው። ሒሳቡን በምሳሌ ለመከተል እንዲመች ውፍረቱ 30 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ፣ የውስጥ ስፋቱ 46 ሚሊሜትር የሆነ የፓኪንግ ቤት (በዘንጉ ዙሪያ ፓኪንጉ የሚገባበት ክፍተት)፣ የመስመር ሙቀቱ 520 ዲግሪ ሴልሺየስና ግፊቱ 100 ባር የሆነ የእንፋሎት ቫልቭ እንወስዳለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የመስመሩ መረጃ፦ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ሙቀት፣ ግፊቱ፣ የፈሳሹ ወይም የጋዙ ዓይነት፣ ቫልቩ በዓመት የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ብዛት
- የዘንጉ፣ የቫልቩ አካል፣ የግላንዱ (ፓኪንጉን ከላይ የሚጫነው ክፍል) እና የብሎኖቹ የብረት ዓይነት
- ማይክሮሜትር፣ ካሊፐር፣ የውስጥ ስፋት መለኪያ፣ የገጽ ሸካራነት መለኪያ
- ገጽ ላይ ተለጥፎ ሙቀት የሚለካ ቴርሞካፕል
- በሻጋታ ተጨምቀው የተሠሩ 3 የግራፋይት ቀለበቶች፣ ከካርቦን ክር የተጎነጎኑ 2 የጫፍ ቀለበቶች
- የካርቦን ቡሽ፣ ማለትም ዘንጉ በመካከሉ የሚያልፍበት ቱቦ መሰል ክፍል (የፓኪንግ ቤቱ ጥልቅ ከሆነ)
- ዲስክ ሞላዎች (እንደ ሳህን ጎድጎድ ያሉ የሞላ ሮንዴላዎች)፣ ጠንካራ ሮንዴላዎች፣ ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ የብሎን ጥርስ ቅባት
- ቶርክ ሬንች (የጥብቀቱን መጠን የሚለካ ቁልፍ)፣ የፓኪንግ ማውጫ፣ ለሁለት የተከፈለ የቀለበት መግፊያ ቡሽ
- የፊት መከላከያ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚከላከል ጓንት፣ ለብናኝ የሚሆን የመተንፈሻ ጭንብል

ከመጀመርዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ አደጋዎች

ግፊት ባለበት መስመር ላይ የግላንድ ብሎን በፍጹም አይፍቱ፤ የተጨመቀው ፓኪንግ ሲላቀቅ ከዘንጉ ጋር የሚወጣው እንፋሎት ሰው ይገድላል። መስመሩ መዘጋቱን፣ ግፊቱ መልቀቁንና ቁልፍ መደረጉን ራስዎ ያረጋግጡ።

አሮጌ ቫልቭ ውስጥ የሚገኝ ፓኪንግ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ዓይነቱ እስኪታወቅ ድረስ በደረቁ አይፋቁት፣ በአየር ግፊትም አያጽዱት። ቴፍሎን ከሚችለው በላይ ሲሞቅ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ የተቃጠለ የቫይተን ጎማ ቅሪት ደግሞ ቆዳንና አጥንትን የሚጎዳ አሲድ ሊይዝ ስለሚችል በባዶ እጅ አይንኩት። ቫልቩ ኦክሲጅን የሚያስተላልፍ ከሆነ ዘይትና ተራ ቅባት ፈጽሞ አይቅረቡ፤ ለኦክሲጅን መሆኑ የተረጋገጠ ማቴሪያል ብቻ ይጠቀሙ።

1. በፓኪንግ ቤቱ ያለውን ሙቀት ይወስኑ

የመስመሩ ሙቀትና የፓኪንጉ ሙቀት አንድ አይደሉም። የፓኪንግ ቤቱ ከመስመሩ ራቅ ብሎ በቦኔቱ (የቫልቩ የላይ ክዳን) አናት ላይ ስለሚገኝ በሞቃት መስመር ላይ ቀዝቀዝ፣ በቀዝቃዛ መስመር ላይ ደግሞ ሞቅ ይላል። ተመሳሳይ ቫልቭ በሥራ ላይ ካለ ቴርሞካፕሉን በፓኪንግ ቤቱ ውጫዊ ገጽ ላይ ለጥፈው ይለኩ፤ ከሌለ በመስመሩ ሙቀት ያስሉ፤ ስሕተቱ ወደ ጥንቃቄው ወገን ይሆናል።

ይህ እርምጃ የሚያስፈልገው በመግቢያው ላይ ላነሣሁት ጥያቄ መልሱ በከፊል እዚህ ስላለ ነው። ግራፋይት በእንፋሎት ውስጥ እስከ 650 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይቆያል፤ አየር ሲያገኘው ግን ከ450 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይነድዳል። የላይኛዋ ቀለበት በግላንዱ ክፍተት በኩል ከአየር ጋር ስለምትገናኝ የምትመዘነው በእንፋሎቱ ገደብ ሳይሆን በአየሩ ገደብ ነው። በምሳሌያችን መስመሩ 520 ዲግሪ ስለሆነ የፓኪንግ ቤቱ ከ450 ዲግሪ በታች እንዲቆይ ቦኔቱን ማስረዘም፣ የሙቀት መከላከያ ልባሱንም ከፓኪንግ ቤቱ በታች ማቆም ያስፈልጋል። የፓኪንግ ቤቱን ጭምር በልባስ መሸፈን ለኃይል ቁጠባ የታሰበ ቢሆንም ፓኪንጉን የሚያነድ ተግባር ነው።

2. ማቴሪያሉን ይምረጡ

የሚከተሉት ገደቦች ለመነሻ ያገለግላሉ፤ የመጨረሻው ገደብ በአምራቹ ሰነድ ላይ ያለው ነው።

- ናይትሪል ጎማ፦ ከ−30 እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ
- ቫይተን፦ ከ−20 እስከ 200 ዲግሪ ገደማ
- ቴፍሎን፦ ከ−200 እስከ 260 ዲግሪ፤ ነገር ግን ወደ ላይኛው ገደብ ሲጠጋ በጫና ሥር እየፈሰሰ ይሸሻል
- ግራፋይት፦ ከ−200 ጀምሮ፣ አየር ባለበት እስከ 450፣ በእንፋሎት እስከ 650 ዲግሪ

ጎማ ከዝቅተኛው ገደቡ በታች ሲወርድ እንደ መስታወት ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ቢጫኑት ወደ ነበረበት ስለማይመለስ የዘንጉን እንቅስቃሴ አይከተልም። የቫልቩ መቀመጫ ከ260 ዲግሪ በላይ የሚሠራ ከሆነ ቴፍሎኑን ትተው ብረት በብረት ላይ የሚዘጋ፣ ገጹ እንደ ስቴላይት 6 ባለ ሲሞቅም ጥንካሬውን በማይለቅ ቅይጥ የተለበጠ መቀመጫ ይምረጡ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ግራፋይት እርጥበት ባለበት 13 በመቶ ክሮም ያለውን የዘንግ ብረት ነጥብ በነጥብ ይበላዋል። ለእንዲህ ዓይነት ዘንግ ዝገት ተከላካይ የተጨመረበትን ግራፋይት ይዘዙ፤ ቫልቩ በውኃ ከተፈተሸ በኋላም እርጥብ ፓኪንግ ይዞ መጋዘን እንዳይቀመጥ።

3. የክፍሎቹን መርዘምና ማጠር ያስሉ

የማይዝግ ኦስተናይት ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ፣ ለእያንዳንዱ ሜትር 18 ማይክሮሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክሮም ሞሊ (ክሮምና ሞሊብዲነም ያለበት) ብረት ደግሞ 13 ያህል። በምሳሌያችን ዘንጉ የማይዝግ፣ ግላንዱና ቦኔቱ ክሮም ሞሊ ቢሆኑ ከ20 ወደ 520 ዲግሪ ሲሄዱ ልዩነቱ 5 × 500 × 0.030 = 75 ማይክሮሜትር፣ ማለትም 0.075 ሚሊሜትር ነው። በቀዝቃዛ ጊዜ በዘንጉና በግላንዱ መካከል የተዉት ጠቅላላ ክፍተት 0.05 ሚሊሜትር ከነበረ ዘንጉ ሲሞቅ ይነክሳል። ብረቶቹ ተገላብጠው ቢሆን ክፍተቱ ይሰፋና ፓኪንጉ በዚያ በኩል ይሾልካል፤ ክፍተቱን የሚዘጉት የተጎነጎኑት የጫፍ ቀለበቶች የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው።

በቅዝቃዜው ወገን ልዩነቱ እጅግ ይጎላል። ቴፍሎን ከክፍል ሙቀት ወደ −196 ዲግሪ ሲወርድ ወደ 2 በመቶ ያጥራል፤ የማይዝግ ብረት ግን 0.3 በመቶ ያህል ብቻ። ስፋቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ የቴፍሎን ቀለበት 1 ሚሊሜትር ሲያጥር በዙሪያው ያለው ብረት የሚያጥረው 0.15 ሚሊሜትር ነው። በክፍል ሙቀት ምንም አረፋ ያልወጣበት ቫልቭ በብርድ የሚያፈሰው በዚህ የተነሣ ነው፤ የክፍል ሙቀት ፈተናው ይህን ልዩነት ሊያሳይ አይችልም።

4. የቀለበቶቹን ብዛት ይወስኑ

ብዙዎች «ቀለበት በበዛ ቁጥር ማሸጉ ይሻላል» ብለው ያስባሉ፤ እውነታው ግን ከዚህ ይለያል። ግላንዱ ከላይ የሚጫነው ጫና በግድግዳውና በዘንጉ ላይ በሚፈጠረው ሰበቃ ምክንያት ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይቀንሳል። የሰበቃውን መጠን 0.1፣ ከላይ ከሚመጣው ጫና ወደ ጎን የሚተላለፈውን ድርሻ 0.6 ብለን ብንወስድ፣ እያንዳንዳቸው 8 ሚሊሜትር የሆኑ 5 ቀለበቶች ሥር የሚደርሰው ጫና ከላይኛው 55 በመቶ ነው። ቀለበቶቹ 10 ሲሆኑ የሚደርሰው 30 በመቶ ብቻ ነው።

ከላይ 30 ሜጋፓስካል ብንጫን በ5 ቀለበቶች ሥር ወደ ጎን የሚገፋው ጫና 9.9 ሜጋፓስካል ይሆናል፤ ይህም ከመስመሩ 100 ባር፣ ማለትም ከ10 ሜጋፓስካል ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ከታችኛዋ ቀለበት በላይ ያሉት ሁሉ ከመስመሩ ግፊት በላይ ይጫናሉ ማለት ነው። በ10 ቀለበቶች ሥር ግን 5.4 ሜጋፓስካል ብቻ ስለሚደርስ የታችኞቹ ቀለበቶች እንፋሎቱን ሊያቆሙ አይችሉም። የሚጨምሩት ሰበቃን ነው፤ በዚሁ ስሌት በዘንጉ ላይ የሚያርፈው ሰበቃ ከ5,100 ኒውተን ወደ 7,900 ኒውተን ያድጋል፤ በሞተር ወይም በአየር የሚንቀሳቀስ ቫልቭ ከሆነ ይህ ልዩነት ቫልቩ በሙሉ እንዳይዘጋ ሊያደርግ ይችላል። ከዚህም በላይ እያንዳንዷ ተጨማሪ ቀለበት በጊዜ ብዛት የምትረግብ ተጨማሪ ውፍረት ናት።

ስለዚህ ከላይና ከታች አንዳንድ የተጎነጎነ ቀለበት፣ በመካከላቸው 3 የተጨመቁ የግራፋይት ቀለበቶች ያድርጉ። የቀረውን ጥልቀት ከሥር በሚገባ የካርቦን ቡሽ ይሙሉ። ቡሹ ከዘንጉ ጋር ሲነካካ እንዳይጭረው ካርቦን መሆኑ ይጠቅማል።

5. የጫናውን ኃይልና የብሎኑን ጥብቀት ያስሉ

ለግራፋይት ከ25 እስከ 35 ሜጋፓስካል ያለ ጫና የተለመደ መነሻ ነው። የፓኪንጉ የላይ ስፋት 0.785 × (46 × 46 − 30 × 30) = 955 ካሬ ሚሊሜትር ነው። በ30 ሜጋፓስካል ሲባዛ 28,650 ኒውተን ይሆናል፤ ሁለት ብሎኖች ካሉ ለእያንዳንዱ 14,325 ኒውተን ይደርሰዋል።

ጥብቀቱ የሚገኘው የብሎኑን ኃይል በብሎኑ ውፍረትና በሰበቃ ቁጥር በማባዛት ነው። ለኤም 16 ብሎን በደረቅ ጥርስ (ቁጥሩ 0.2) 46 ኒውተን ሜትር፣ ቅባት በተቀባ ጥርስ (ቁጥሩ 0.15) 34 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ለደረቅ ጥርስ የተሰላውን ጥብቀት በተቀባ ጥርስ ላይ ካዋሉት ጫናው በሲሶ ያልፋል፤ ግራፋይቱ ይሾልካል፣ ዘንጉም ይከብዳል። በሥዕሉ ላይ የጥብቀቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ቅባት ይኑር አይኑር አብረው ይጻፉ።

6. ጫናውን የሚጠብቅ ሞላ ያካትቱ

ከሁሉም በላይ ጊዜ እንዲሰጡት የምለምነው ለዚህ እርምጃ ነው፤ በመስክ የማየው አብዛኛው ፍሰት የሚመጣው ይህ ስለሚዘለል ነው።

የእኛ ኤም 16 ብሎን 157 ካሬ ሚሊሜትር የመሸከሚያ ስፋት ስላለው የሚያርፍበት ውጥረት 91 ሜጋፓስካል ነው። የሚሳበው ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ቢሆን በዚህ ውጥረት የሚለጠጠው 0.036 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ፓኪንጉ በ0.036 ሚሊሜትር፣ ማለትም ከአንድ ወረቀት ውፍረት ባነሰ መጠን ቢረግብ፣ ያ ሁሉ 14,325 ኒውተን ይጠፋል ማለት ይቻላል፤ የሚቀረው የግራፋይቱ የራሱ ጥቂት መመለስ ነው። ፓኪንግ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዚህ እጅግ በላይ ይረግባል። በዚህ ላይ የማይዝግ ብሎን ክሮም ሞሊ ክፍልን አጣብቆ በ300 ዲግሪ ልዩነት ቢሞቅ ብሎኑ በ0.12 ሚሊሜትር ትርፍ ይረዝማል፤ ይህም ከመለጠጡ ሦስት እጥፍ በላይ ነው።

ከዳዶው ሥር ዲስክ ሞላዎችን ሲደረድሩ ይህ ሁሉ ይለወጣል። በ14,300 ኒውተን ላይ 1.5 ሚሊሜትር የሚጨመቅ ድርድር ካስገቡ ፓኪንጉ 0.2 ሚሊሜትር ቢረግብ የሚጠፋው ጫና 13 በመቶ ያህል ነው። ድርድሩን ሲመርጡ ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ በሚፈለገው ጫና ላይ ሞላው ፈጽሞ ጠፍጥፎ አይተኛ፤ ብሎኑ ለተጨማሪው ቁመት በቂ ርዝመት ይኑረው፤ የሞላው ብረት ሙቀቱን ይቻል። ተራ የሞላ ብረት በከፍተኛ ሙቀት ኃይሉን ስለሚለቅ ለሞቃት ቫልቭ እንደ ኢንኮኔል 718 ያለውን የኒኬል ቅይጥ ይምረጡ።

7. የገጾቹን ልስላሴ በሥዕሉ ላይ ይወስኑ

ለዘንጉ አማካይ ሸካራነቱ ከ0.8 ማይክሮሜትር ያልበለጠ፣ ፍሰቱ በጥብቅ ቁጥጥር ለሚደረግበት መስመር ደግሞ 0.4 የሆነ ገጽ ይዘዙ። የፓኪንግ ቤቱ ግድግዳ 3.2 ማይክሮሜትር ቢሆን ይበቃል። ዘንጉ ሻካራ ከሆነ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግራፋይቱን ይሞርደዋል። በዘንጉ ርዝመት አቅጣጫ የሚሄድ ጭረት ደግሞ ምንም ጫና የማይዘጋው የጋዝ ቦይ ስለሆነ፣ በጣት ጥፍር የሚሰማ ጭረት ያለበትን ዘንግ አይቀበሉ።

8. ለቀዝቃዛ መስመር የሚጨመሩ

ለተፈጥሮ ጋዝ ፈሳሽ (−162 ዲግሪ)፣ ለፈሳሽ ኦክሲጅን (−183) ወይም ለፈሳሽ ናይትሮጂን (−196) ፓኪንጉን ከብርዱ ጋር ከማታገል ከብርዱ ማራቅ ይሻላል። ቦኔቱ ረጅም ሲሆን በውስጡ የሚፈጠረው የጋዝ ዓምድ ፈሳሹ ወደ ፓኪንጉ እንዳይደርስ ይከለክላል፤ ፓኪንጉም ከክፍል ሙቀት ብዙ ሳይርቅ ይሠራል። ዓምዱ የሚቆየው ግን ዘንጉ ወደ ላይ ቆሞ ሲተከል ነው፤ ከቁመቱ ከ45 ዲግሪ በላይ እንዳይዘነብል በሥዕሉ ላይ ይጻፉ። ቫልቩ ተጋድሞ ከተተከለ ፈሳሹ ፓኪንጉ ድረስ ይፈስሳል፤ ረጅሙ ቦኔትም ጥቅም አይሰጥም።

ብርዱ ውስጥ መቀመጥ ግዴታ ለሆነበት ማሸጊያ ውስጡ የብረት ሞላ ያለውን የቴፍሎን ቀለበት ይጠቀሙ፤ ቴፍሎኑ ሲያጥር ሞላው ከንፈሩን ወደ ብረቱ መግፋቱን ይቀጥላል።

በቫልቩ ሆድ ውስጥ ተዘግቶ የሚቀር ፈሳሽ ትልቅ አደጋ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጂን ወደ ክፍል ሙቀት ጋዝ ሲለወጥ ወደ 700 እጥፍ ይሰፋል፤ መውጫ ካጣ አካሉን ይሰነጥቃል። በሁለቱም ወገን በሚዘጉ የጌትና የቦል ቫልቮች ላይ ሆዱን ከግፊቱ ወገን ጋር የሚያገናኝ ቀዳዳ ይንደፉ፤ ቫልቩም የሚተከልበትን አቅጣጫ በቀስት ያመልክቱ።

9. ይግጠሙ

የፓኪንግ ቤቱን እስከ ሥሩ ባዶ ያድርጉ፤ አንዲት አሮጌ ቀለበት ከቀረች የአዲሶቹን ጫና ትውጣለች። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ያስገቡ፤ እያንዳንዷን በመግፊያው ቡሽ እስክትቀመጥ ይጫኑ፤ የተቆረጡ ከሆኑ መጋጠሚያዎቻቸውን በ90 ዲግሪ ያፈራርቁ። ግላንዱ በመጨረሻ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ወደ ቤቱ መግባት አለበት፤ ካልገባ ይዘነብልና ዘንጉን ይነክሳል። ብሎኖቹን በየተራ፣ በሲሶ በሲሶ ጥብቀት ያጥብቁ። ሙሉ ጥብቀት ላይ ሲደርሱ ዘንጉን አምስት ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንቀሳቅሰው ጥብቀቱን እንደገና ይለኩ፤ ዳዶው መዞር እስኪያቆም ይህን ይድገሙ።

10. በሚሠራበት ሙቀት ይፈትሹ

በክፍል ሙቀት የተደረገ ፈተና መግጠሙን እንጂ ንድፉን አያረጋግጥም። ለፓኪንጉ ብቻ ኤፒአይ 622፣ ለሙሉ ቫልቩ አይሶ 15848-1 የተባሉት ዓለም አቀፍ የፈተና ደረጃዎች ዘንጉ እየተንቀሳቀሰ ሙቀቱም እየወጣና እየወረደ የሚፈተሽበትን ሥርዓት ይደነግጋሉ። ለቀዝቃዛ ቫልቭ ከፈተናው በፊት ውስጡን በደረቅ ናይትሮጂን ያድርቁ፤ የቀረ እርጥበት በዘንጉ ላይ በረዶ ሆኖ ማሸጊያውን ይቆርጣል።

የተለመዱ ስሕተቶች

ፓኪንግን በረጅሙ እንደ ገመድ በዘንጉ ዙሪያ መጠምጠም ለጋዙ ጠመዝማዛ መንገድ መክፈት ነው። ሁሉንም ቀለበት ከትቶ በመጨረሻ በግላንዱ ብቻ መጨመቅ ደግሞ የላይኛዋን ሲያደቅቅ የታችኞቹን ላላ አድርጎ ይተዋል።

ፍሰት በታየ ቁጥር ያለ ቶርክ ሬንች ማጥበቅም የተለመደ ነው። ለጊዜው ፍሰቱ ይቆማል፤ ዘንጉ ግን ይከብዳል፣ ዲስክ ሞላውም ጠፍጥፎ ይተኛና ከዚያ በኋላ የሚረግበውን የሚከተል ነገር አይኖርም። ማጥበቅ ካስፈለገ በመጀመሪያ የሞላውን ቁመት ይለኩ፤ ቁመቱ እንደ ተሰላው ሆኖ ፍሰቱ ካልቆመ ጥፋቱ ያለው በዘንጉ ገጽ ወይም በቀለበቶቹ ላይ ነውና መስመሩ ቆሞ ይከፈት።

በመጨረሻ የብሎንና የሞላ መተካት። ንድፉ ኢንኮኔል ሞላና ክሮም ሞሊ ብሎን ብሎ ሳለ በጥገና ጊዜ በመጋዘን በተገኘው የሚተካ ከሆነ በእርምጃ 3 እና 6 የተሠራው ስሌት ሁሉ ይፈርሳል። የብረቱን ዓይነት፣ የሞላውን ቁመትና የቅባቱን ዓይነት በማይጠፋ ሰሌዳ ላይ ቀርጸው ከቫልቩ ጋር ያያይዙት።